ሦስት ሰከንድ ጩኸት፣ ሃምሳ ሰባት ሰከንድ ዝምታ

ጉሙ ከባሕረ ሰላጤው ተነሥቶ ደሴቲቱን ከዋጣት ሦስተኛ ቀኑ ነበር። አቶ ሎሪመር ቲተስ የጭነት መኪናቸውን ወደ አሻጋሪው ጀልባ ሲያስገቡ መንገዱን ያገኙት በዓይናቸው ሳይሆን በልማድ ነው። ጀልባው በደህና ቀን በዐሥር ደቂቃ ያሻግራል፤ ዛሬ ግን ሞተሩን አለዝቦ፣ በጨለማ በር እንደሚፈልግ ሰው እየዳሰሰ ተነሣ። ወዲያው ሁለቱም ዳርቻዎች ጠፉ። ሰማይና ውሃ አንድ ቀለም ሆኑ። አንዲት የባሕር ወፍ የጀልባው አጥር ላይ ቆማለች፤ እሷም የት እንዳለች የማታውቅ ትመስላለች።

አንድ ሰው የመኪናውን መስኮት አንኳኳ።

«ይቅርታ አባቴ፣ ሸራዎ ተገልጧል። ካርቶኖቹ እየራሱ ነው።»

ያንኳኳችው ጆስሊን ኮሞ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ የቤተ መጻሕፍቱን አውቶቡስ እየነዳች በየመንደሩ መጽሐፍ የምታውስ ልጅ።

«ይራሱ» አሉ አቶ ሎሪመር። «የሚሄዱት ወደ ቆሻሻ መጣያ ነው። ቅዳሜ ወረቀት የሚቀበሉበት ቀን ነው።»

አንዱ ካርቶን ሥሩ ረጥቦ ተቀዶ ኖሮ፣ አንድ መጽሐፍ ሾልኮ ወደቀ። ጆስሊን አነሣችው። ፊቱን አየች፤ ጀርባውን አየች፤ እንደገና ፊቱን አየች።

«ምንድን ነው? ማስታወሻ ደብተር?»

«ልብ ወለድ ነው እንጂ!»

«ርእሱስ የታለ?»

«ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጊው።»

ዘንበል አደረገችው። እውነትም በግራጫው ሽፋን ላይ፣ በግራጫ ፊደል፣ «የጉም መልስ» የሚል ጽሑፍ ብቅ ብሎ ጠፋ።

«ታሪኩ ስለ ጉም ስለሆነ» አሉ ሽማግሌው፣ ኩራትና እፍረት በተቀላቀለበት ድምፅ፣ «ሽፋኑም ጉም እንዲመስል ብዬ ነው።»

«በሚገባ ተሳክቶልዎታል። የጸሐፊው ስምስ?»

«ስሜ ምን ያደርግላቸዋል? ሲያነቡት ይወዱታል።»

«ሳያዩት እንዴት ያነቡታል?»

አቶ ሎሪመር ባርኔጣቸውን ወደ ዓይናቸው ዝቅ አደረጉ። ለሠላሳ አንድ ዓመት መርከቦችን ከአለት የሚያስጠነቅቀውን የደሴቲቱን የጉም ጥሩምባ ሲነፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መንደርተኛው እስከ ዛሬ «አባ ጥሩምባ» ይላቸዋል። መሣሪያው ሰው የማይፈልግ ሆኖ እሳቸው ሲሰናበቱ፣ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠው ይህን መጽሐፍ ጻፉ። ጀልባቸውን ሸጠው ሃሊፋክስ ከተማ አሳተሙት። አታሚው «ብዙ ሲያሳትሙ የአንዱ ዋጋ ይረክሳል» ቢላቸው፣ በርካሽ ዋጋ ተደስተው አንድ ሺህ አሳተሙ። እንዲህ ዓይነቱ ርካሽ ነገር ነው ቤት የሚያፈርሰው። ካርቶኖቹ ማስቀመጫ ስላጡ አልጋቸው ሥር ተደረደሩ፤ አልጋው ሽቅብ ወጣ፤ አቶ ሎሪመርም ሁለት ዓመት ሙሉ በመሰላል እየወጡ ተኙ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቤት የወጣው ዐሥራ አራት መጽሐፍ ነው፦ ዐሥራ አንዱ በስጦታ፣ ሁለቱ በሽያጭ፣ አንዱ ሻጋታ በልቶት። ለራሳቸው እንኳ አንድ አላስቀሩም። ከቀትር በኋላ የቀረው ሁሉ ከዓለም ላይ ይጠፋል።

ጆስሊን የመጀመሪያውን ገጽ ቆማ ማንበብ ጀመረች። ጉሙ በመሐላቸው አለፈ። በገጹ ላይ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከአለት ላይ ቆማ ጥሩምባ ትነፋለች፤ ከባሕሩ ውስጥም የሚመልስላት ነገር አለ። ልጅቷ ሦስተኛውን ገጽ ስትገልጥ እጇ ዘገየ። አቶ ሎሪመር የገጹን ድምፅ ሰሙ። ሌላ ሰው መጽሐፋቸውን ሲገልጥ ሰምተው አያውቁም ነበር።

«ይሄ መጣያ አይገባም» አለች በመጨረሻ።

«ጥሩ ነገር ከሆነ ለምን አልተሸጠም?»

«ለማን ነገሩ?»

«ለማንም! እኛ ቤት ራስን ማመስገን ነውር ነው። ደግሞም በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ማንኪያም አይገባም።»

አቶ ሎሪመር ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ አደገኛ ነው። ታዲያ ምን ላድርግ? የዘንድሮ ጸሐፊዎችን በስልክ አይቻለሁ። አንዱ መጽሐፉን አናቱ ላይ ጭኖ ይጨፍራል። አንዷ ከድመቷ ጋር ታለቅሳለች። በዚህ ጉልበቴ ልጨፍር?»

«እግዜር አያድርገው! ጀልባው ይሰምጣል። አክስቴም ልብ ወለድ አሳትማ ጠዋት ማታ ‹ግዙ፣ ግዙ› ስትል የገዛ እናቷ ስልኳን ዘጋችባት። እሱም ጥፋት ነው።»

«ይኸው! ከመጮኽ ዝምታ ይሻላል።»

በዚህ ጊዜ የጀልባው ጥሩምባ ነፋ። ድምፁ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ቀለጠ። የአቶ ሎሪመር ከንፈር ይንቀሳቀስ ጀመር።

«ምን እየቆጠሩ ነው?»

«ይሄ ካፒቴን ሲነፋ ያበዛዋል» አሉ ተቆጥተው። «የእኔ ሦስት ሰከንድ ነበር፤ ከዚያ ሃምሳ ሰባት ሰከንድ ዝም። ዝም ካልተባለ መርከበኛው ድምፁ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ሁልጊዜ ከጮኸ ደግሞ ጆሮው ይለምደውና አይሰማውም።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲያ ሲነፉ፣ ራስዎን ማመስገንዎ ነበር?»

«ምን ትላለች ይህቺ! ለመርከቦቹ ነው እንጂ!»

«ጥሩምባው ምን ይል ነበር? ‹ጎበዝ ነኝ፣ ከኔ የሚበልጥ የለም› ይል ነበር?»

«‹እዚህ ነኝ› ነው የሚለው። ‹ምድሩ እዚህ ነው።› በቃ።»

«አንድ ቀን ‹ጥሩ አለት ከሆነ መርከቦቹ ራሳቸው ያገኙታል› ብለው ዝም ቢሉስ ኖሮ?»

አቶ ሎሪመር ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዝንብም ማንኪያም ሳይገባበት መልሰው ዘጉት። ወፏ ከአጥሩ ተነሥታ ጉሙ ውስጥ ገባች።

«ያገኙታል» አሉ በመጨረሻ፣ በቀስታ። «በሆዳቸው።» የመርከብ ሆድ ከውሃ በታች ያለው ክፍሉ ነው፤ አለት የሚቀደው እሱን ነው።

ጆስሊን አልሳቀችም። «እንግዲህ ‹እዚህ ነኝ› ማለት ነውር አይደለም። ሲቀጥል፣ ሌላ ጊዜ ሃምሳ ብቻ ያሳትሙ፤ የአንዱ ዋጋ ቢወደድም አልጋዎ ሽቅብ አይወጣም። ሽፋኑን ደግሞ ሰው ከመንገድ ማዶ ሊያየው ይገባል።»

«እነዚህ ታትመዋል። ምን ይደረጋል?»

«እርስዎ ይንገሩኛ።»

አሰቡ። «ከሸጥኳት ጀልባዬ ቀይ ቀለም ሁለት ቆርቆሮ ተርፎኛል» አሉ። «በየሽፋኑ ላይ አንድ ቀይ ክብ ባደርግ… ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ለመርከብ መንገድ እንደሚያሳየው ምልክት። ከክቡ ሥር ስሜን በእጄ ልጽፍ እችላለሁ።»

«አባ ጥሩምባ ብለው?»

«ማን ነገረሽ?»

«በዚህ ጉም ውስጥ የማይሰማ ነገር አለ እንዴ?»

ጀልባው አንዳች ነገር ገጨ። ሁለቱም ደነገጡ፤ ሳያውቁት ተሻግረው ኖሯል። ከመውጫው በላይ መንገዱ ይከፈላል፦ በግራ ቆሻሻ መጣያው፣ በቀኝ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አዳራሽ፤ ቅዳሜ ምሳ የዓሣ ሾርባ ይሸጥበታል። የቤተ መጻሕፍቱ አውቶቡስ ወደ ቀኝ ታጠፈ። አቶ ሎሪመር መገንጠያው ላይ ቆሙ። ከኋላቸው ያለው ሹፌር ጥሩምባውን ነፋባቸው።

«ይኸው ይሄም አብዝቶታል» አሉና ወደ ቀኝ ታጠፉ።

መጨረሻውን ለማወቅ ለሚቸኩል አንባቢ አስቀድሞ ይነገረው። እስከ ጸደይ ድረስ የአቶ ሎሪመር አልጋ ካርቶን በካርቶን ዝቅ አለ፤ መሰላሉንም ለጎረቤት አዋሱት። ቀዩ ክብ በመድኃኒት ቤቱ፣ በፀጉር ቤቱ፣ ሰው ተራ በሚጠብቅበት ሁሉ ታየ። አንድ ያነበበ ለሁለት ነገረ፤ ሁለቱ አራት ጎረቤት ነዘነዙ። ሁሉም አልተሸጠም፤ የተሸጠችው ጀልባም አልተመለሰችም። ሁለተኛው መጽሐፍ ግን ሃምሳ ብቻ ታተመ፤ ርእሱም ያለ ዘንበል ይነበባል።

ይህ ሁሉ የመጣው በዚያ ቀን፣ በዚያ አዳራሽ ከሆነው ነገር ነው። አቶ ሎሪመር ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ሃምሳ የሚያህል ሰው ሾርባውን እየጠጣ ነው። የመጽሐፉን የመጀመሪያ ሦስት ዓረፍተ ነገር አነበቡ፤ ሦስት ብቻ። ከዚያ ዘግተውት ተቀመጡና በሆዳቸው መቁጠር ጀመሩ። ዐሥር። ሃያ። ማንኪያዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። አርባ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲነፉ ከጉሙ ውስጥ መልስ ሰምተው አያውቁም።

ሃምሳ ሦስት ላይ፣ ከኋላ ወንበር፣ አንዲት አሮጊት ሰሐኗን ገፋ አደረገች።

«ሎሪመር» አለች፣ «ከዚያስ?»

አቶ ሎሪመር ዓይናቸው እንባ ሞላ። አፋቸውን ግን አልከፈቱም፤ አራት ሰከንድ ይቀራል።