ፊታውራሪን ማን ይምታቸው?

(ለገና አራት ቀን ሲቀረው፤ የልጆች መጽሐፍ ደራሲዋ ወይዘሮ የሻረግ ቤት፤ አንጋፋው ተዋናይ ልሳነወርቅ የቴሌቪዥን ጣቢያው የላከውን የፈቃድ ወረቀት ይዞ ቆሟል።)

የሻረግ፦ አልፈርምም አልኩህ እኮ! ብትቆምም አልፈርምም፣ ብትቀመጥም አልፈርምም። ይልቅ ተቀመጥ።

ልሳነወርቅ፦ እትዬ፣ ከአዲሱ ድርሰት ያነበቡት አንድ ገጽ ብቻ ነው።

የሻረግ፦ ወጡ መቆምጠጡን ለማወቅ ድስቱን መጨረስ አለብኝ? በመጽሐፌ የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ልጅ ደብሪቱ ገና ጨዋታ ገብታ ሩሯን ስትለጋ፣ ያቺ የእንጨት ኳስ የፊታውራሪን ቅልጥም ታገኛለች። ፊታውራሪ ጅራፋቸውን ያነሣሉ። አገር ሁሉ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!" ሲላቸው ጅራፉን ይጥላሉ። ታሪኩ ይኸው ነው! ይኼን ካወጣችሁት ምን ቀረ?

ልሳነወርቅ፦ ዘፈን አለው።

የሻረግ፦ አበስኩ ገበርኩ!

ልሳነወርቅ፦ በመጨረሻ ፊታውራሪ ለልጅቷ ዘይት ይሰጧታል። አምስት ሊትር። ስፖንሰሩ የዘይት ፋብሪካ ነው።

የሻረግ፦ ሳትመታቸው?

ልሳነወርቅ፦ ሩሯ በአጠገባቸው ታልፋለች። የፋብሪካው ባለቤት ድርሰቱን አንብበው "ፊታውራሪ ማለት እኔው ነኝ" ስላሉ፣ ማን ይምታቸው?

የሻረግ፦ በጃንሆይ ዘመን ለሲኒማ ሲሠሩት "መኳንንት በልጅ አይመታም" አሉኝ። ሩሯ ማንን መታች?

ልሳነወርቅ፦ አህያ።

የሻረግ፦ አህያ! በደርግ ጊዜስ?

ልሳነወርቅ፦ ያኔ እንኳ ፊታውራሪ ሆኜ ተመትቻለሁ። በጥይት።

የሻረግ፦ የልጆች ታሪክ ነበር እኮ!

ልሳነወርቅ፦ ልጆቹማ አጨብጭበዋል።

የሻረግ፦ ከዚያ ወዲህ የተሠራውስ?

ልሳነወርቅ፦ እሱን እኔና ደብሪቱ ተቀምጠን በውይይት ፈታነው። ሃምሳ ደቂቃ ተሰብስበናል።

የሻረግ፦ ሩሯስ?

ልሳነወርቅ፦ አጀንዳው ላይ አልነበረችም።

የሻረግ፦ አንተ ሰው፣ ሁልጊዜ ፊታውራሪ አንተ ነህ! አንድ ቀን እንኳ "መጽሐፉ እንዲህ አይልም" ብለህ ታውቃለህ?

ልሳነወርቅ፦ ዝም አይነቅዝም ብዬ ኖርኩ።

የሻረግ፦ ዝምታውማ አይነቅዝም፤ ሰውየው ነው የሚነቅዘው።

ልሳነወርቅ፦ ይበሉ፣ ይገባኛል። በሃያ ዓመቴ ጢም ለጥፌ ነበር የገባሁት፤ አሁን ጢሙም ሽበቱም የራሴ ነው። ያንን መጽሐፍ ለልጅ ልጄ ባነበብኩለት ቁጥር አፍራለሁ።

የሻረግ፦ እኔ ደግሞ አንጀቴ እርር ይላል። ሰማንያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "የአህያዋ ደራሲ" ይለኛል። ሳልሞት አንዲት ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ያቺ ልጅ ስትመታቸው ማየት እፈልጋለሁ።

ልሳነወርቅ፦ ዘንድሮማ ጭራሽ አይሆንም። ተቀርጾ እንኳ አይደለም፤ የገና ዕለት ከስቱዲዮ በቀጥታ ነው የሚተላለፈው።

የሻረግ፦ በቀጥታ? መቁረጥ የለ፣ መቀጠል የለ?

ልሳነወርቅ፦ ምንም የለ። ባለፋብሪካውም ፊት ለፊት ተቀምጠው ያያሉ።

የሻረግ፦ ደብሪቱን ማን ትሠራታለች?

ልሳነወርቅ፦ የባለፋብሪካው የልጅ ልጅ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሳቂታ ናት፣ የዱላ አያያዝ ግን አታውቅም።

የሻረግ፦ አምጣ እስቲ እስክሪብቶህን።

ልሳነወርቅ፦ ሊፈርሙ ነው?

የሻረግ፦ እፈርማለሁ። ልጅቷን ግን ነገ እዚህ አምጧት፤ አመታቱን የማሳያት እኔ ነኝ።

ልሳነወርቅ፦ እትዬ! ዓይንዎ አላማረኝም።

የሻረግ፦ የገዛ የልጅ ልጃቸውን ይቆጡ እንደሆነ እናያለን። የሚያሳስበኝ አንተ ነህ። ሩሯ ስትመጣ ትሸሻለህ?

ልሳነወርቅ፦ ከዚያ ወዲያ እኮ ማንም ጣቢያ አይጠራኝም።

የሻረግ፦ ትሸሻለህ ወይ ነው ያልኩህ።

ልሳነወርቅ፦ ቀኙን እግሬን በሏት፤ ግራው ሪህ አለበት።