ሰው ካልተቀመጠባት የማትነሳ ትራክተር

ልትሸኟቸው የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች ሆይ፤ ይህ ሁላችንም «አባ ካንዴላ» እያልን የኖርነው የመናፈሻው መካኒክ የሕይወት ታሪክ ነው፤ የጻፉትም ባለቤታቸው ናቸው።

አባ ካንዴላ የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ከነበሩት አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ፣ አባታቸው የመሰንጠቂያውን ሞተር ነዳጅ በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ነቅለው ሲፈትኑ ከብረት ወደ ብረት የዘለለች ሰማያዊ ብልጭታ አይተው፣ «ያን ሁሉ ብረት የምታንቀሳቅሰው ይቺው ናት?» ብለው አባታቸውን ጠየቁ፤ ጥያቄውን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመልሱት ኖረው፣ መገረማቸው ግን አላለቀም።

በሙያ ትምህርት ቤት ተምረው እንደ ጨረሱ በመናፈሻው የመሣሪያ ክፍል ተቀጠሩ፤ በዚያ ቤንዚንና የታጨደ ሣር በሚሸተው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥም አንዲት ያረጀች የሣር ማጨጃ ትራክተር ተረከቡ። አልነሳም ስትል ሌላው ሰው እየተራገመ ሲረግጣት፣ እሳቸው ባትሪዋን፣ ከሞተሩ አካል ጋር የታሰረውን የማሳ ሽቦዋንና እሳቱን የምታገናኝና የምታቋርጠውን ፑንቲናዋን በየተራ መርምረው፣ በመጨረሻ ካንዴላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክተው ቁልፉን ያስዞሩና፣ ብልጭታዋ በታየች ቁጥር ኮፍያቸውን ያወልቁ ነበር። የሥራ ባልደረቦቻቸው «ለሹም ያላወለቀውን ለካንዴላ!» እያሉ ይስቁባቸው ስለነበር፣ ቅጽል ስማቸው ከዚያ ወጣ።

ባለቤታቸውን ያወቋቸው እዚያው ነው። በችግኝ ጣቢያው የሚሠሩትን ወጣት «እስቲ እህቴ፣ ይችን ኬብል ያዢልኝ» ብለው ቁልፉን ቢያዞሩት ኬብሉ ወጣቷን ነዘራቸው። ወይዘሮዋም ኋላ ላይ «ሌላው በፍቅር ተነደፈ ይባላል፤ እኔ ግን በኬብል ነው» እያሉ ልጆቻቸውን ያስቁ ነበር። ተጋብተውም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው አሳደጉ።

ትራክተሯ መቀመጫዋ ሥር ሞላ አላት፤ ሰው ሲቀመጥባት ሞላው ተጭኖ የኤሌክትሪክ መስመሩ ይገናኛል፣ ሰው ሲነሳ ግን እሳቱ ተቋርጦ ሞተሩ ይጠፋል። ጡረታቸው ሲቃረብ፣ አባ ካንዴላ ሲነዷት ጉድጓድ በነካች ቁጥር ትጠፋባቸው ጀመር። ካንዴላ ቀየሩ፣ ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠውን ኮይል ቀየሩ፣ ፑንቲናውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉ፤ «ምን አስቀየምኩሽ?» ብለውም ለመኗት። አንድ ቀን ምሳ ያመጡላቸው ባለቤታቸው ደክሟቸው መቀመጫዋ ላይ አረፍ ብለው ቁልፉን ቢያዞሩት ተነሳች፤ ያንኑ ጉድጓድ አልፈው ቢነዷትም አልጠፋችም። እሳቸውን ተክተው አባ ካንዴላ ሲነዷት ግን ጉድጓዱ ላይ ጠፋች። አባ ካንዴላ ሞላውን አዩ፤ በምስማር አዲስ ቀዳዳ የበሱለትን ቀበቷቸውንም አዩ፤ ኮፍያቸውንም ቀስ ብለው አወለቁ። «አየሽ፣ ችግሩ እሷ ጋ አይደለም። የቀለልኩት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ቀድማ አወቀች» አሉ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄዱ፤ የሆድ ዕቃቸውን የያዘ ክፉ ሕመምም ተገኘ። ሕመሙ ባይድንም፣ በጊዜ በመታወቁ የሴት ልጃቸውን ልጅ ታቅፈው ለመሳም በቁ። የሥራ ጓደኞቻቸው ለእሳቸው አዝነው «ከመቀመጫው ሥር ያሉትን ሁለቱን ሽቦ እናገናኝልዎት፣ ማንም ሳይቀመጥባት ትሠራለች» ቢሏቸው፣ «ሰው መኖሩን ማወቋን አትንጠቋት» ብለው ከለከሉ። ከዚያ በኋላ የማጨጃ ምላጯ ተፈትቶ፣ የልጅ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ይነዷት ነበር። ሁለቱ ተደምረው አንድ ሰው ሲያህሉ ሞላው እሺ ይላል፤ ያችን ትንሽ ክብደት እንደ ተአምር እያወሩላት ኖረው፣ በቤታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ።

ዛሬ ጠዋት አስከሬናቸው በመናፈሻው በር ሲያልፍ፣ ሴት ልጃቸው ትራክተሯ ላይ ተቀምጣ አስነሣቻት፤ ሠራተኞቹም ሁሉ ኮፍያቸውን አወለቁ።

አባ ካንዴላ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጅና ሽቦዋ ያልተነካ ትራክተር ትተውልናል። በምድር ሚዛን የቀለሉትን እኚህን ሰው፣ የማንንም መቀመጫ ባዶ መሆን የማይዘነጋው ፈጣሪ፣ ባዘጋጀላቸው ስፍራ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ቤታቸው ውስጥ ባዶ ለቀረው ወንበርም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።