አረፋ የደፈቀው እብነ በረድ

አንድ ቀን የጽዳት ኩባንያችን እዚህ ዓረብ አገር፣ ጁሜይራ ሰፈር ወዳለ ቪላ ላከኝ። የቤቱ ሠራተኛ ከድጃ፣ የወሎ ልጅ ናት፣ ገና ስገባ ደረጃው ሥር እብነ በረዱ ወለል ላይ ያለውን የዝገት ምልክት አሳየችኝ። «ወንድምዬ፣ ማዳም ከመምጣቷ በፊት ይሄ ካልለቀቀ ወደ ኤጀንሲ ትመልሰኛለች» አለችና የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ሰጠችኝ። እኔ ሳልሞክር ምንም አልነካም። መጀመሪያ የመታጠቢያ ቤቱ ሸክላ ላይ ጠብ አድርጌ አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። ምንም አልሆነም። ተረጋግቼ እብነ በረዱ ላይ አፈሰስኩት። ወዲያው ሽሽሽ እያለ አረፋ ደፈቀ። ከድጃ አጨበጨበች። «ዋላሂ ጎበዝ! ቆሻሻው እየተነቀለ ነው እኮ!»

እኔ ግን ደርቄ ቀረሁ። ደሴ ሳለሁ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበርኩ። አሲድ ካርቦኔት የሚባሉትን ጨዎች ሲያገኝ እየበላቸው ጋዝ እንደሚያወጣ ስንቴ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ! እብነ በረድ ደግሞ ራሱ ከእነዚያ ጨዎች አንዱ ነው፤ የሞከርኩበት ሸክላ ግን አይደለም። የሚፈላው ቆሻሻው ሳይሆን ድንጋዩ ነበር። «ውሃ! ቶሎ ውሃ አምጪ!» ብዬ ጮህኩ። አጥበን ስናደርቀው ዝገቱ እውነትም ለቋል፤ ግን የሁለት መዳፍ ያህል ቦታ ወዙ ጠፍቶ ሻክሯል። ከድጃ በጣቷ ዳሰሰችውና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

ማዳም ገብታ አየችው። እኔን ትታ ከድጃ ላይ አፈጠጠች። «እኔ ነኝ፤ አሲድ አፍስሼበት ነው» አልኩ ፈጥኜ።

«አሲድ እብነ በረድን ምን እንደሚያደርግ አታውቅም ነበር?» አለችኝ።

አላውቅም ብል፣ ቀጥላ አሲዱን ማን እንደሰጠኝ ልትጠይቅ ነው።

«አውቅ ነበር፣ ማዳም» አልኳት።