ከመኪናው አልወርድ ያሉት ሹፌር

እማማ ፉሚኤ ባዶ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ውሃ ቦቴው ፊት ተሰልፈው ሳለ ከኋላቸው አንዲት ሴት በስማቸው ጠራቻቸው። ዞር ሲሉ ናትሱሆ ናት፤ የጎረቤታቸው የልጅ ልጅ፣ ከተማ ሄዳ ነርስነት የተማረችው። ምድር ከተንቀጠቀጠች ወዲህ የትምህርት ቤቱ ግቢ የመንደሩ ሰው ማደሪያ ሆኗል። ገሚሱ በስፖርት አዳራሹ ወለል ላይ፣ ገሚሱ በየመኪናው ውስጥ ነው የሚተኛው። ናትሱሆም ግቢው ጥግ በተተከለው የሐኪሞች ድንኳን ለማገልገል መጥታለች።

“እማማ፣ እንኳን ተረፋችሁ! አባባ ቶኩጂስ?”

“አለ። መኪናው ውስጥ ነው። ከመኪናው መች ይወርዳል ብለሽ!” አሉ አሮጊቷ። አንዴ ከጀመሩ ማቆም አቃታቸው። “ያስለዋል። ምግብም እንደ ልቡ አይበላም። ግራ እግሩ አብጧል፤ እኔ ማታ ማታ ጫማውን እንዳደረገ ባቱን አሸዋለሁ፣ እሱ ግን ይብስበታል እንጂ…”

የናትሱሆ ፈገግታ ጠፋ። “ግራው ብቻ ነው ያበጠው?”

“ግራው ብቻ።”

“ስኳር አለባቸው አይደል? መድኃኒቱን ይውጣሉ?”

“መድኃኒቱማ ከቤቱ ጋር ፍርስራሽ ሥር ቀረ።”

“ጀሪካኑን ለኔ ይስጡኝና እንሂድ። እግሩን ግን ከእንግዲህ እንዳያሹት።”

ይህች የመጨረሻ ቃል እማማ ፉሚኤን እንደ ፍም አቃጠለቻቸው። ለምን እንዳያሹት ለመጠየቅ እንኳ ፈሩ። ወረፋውን ትተው ከልጅቷ ኋላ ኩስ ኩስ አሉ።

የእማማ ፉሚኤ ባል አባባ ቶኩጂ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመንደሩን አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። አሁን ከጠባቧ መኪናቸው መሪ ኋላ ጉልበታቸውን አጣጥፈው፣ ለተፈናቃዮች የታደለውን በጣፋጭ ባቄላ የተሞላ ዳቦ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ናትሱሆን ሲያዩ ዓይናቸው በራ።

“ይቺ አውቶቡሴ ላይ ያስታወከችው ልጅ አይደለችም?”

“እሷው ነኝ አባባ። ዛሬ ደግሞ ልነዘንዝዎ መጥቻለሁ። አዳራሹ ውስጥ ለምን አይተኙም?”

“አንኮራፋለሁ። ሰው ቤቱ ፈርሶበት፣ እንቅልፉን ደግሞ እኔ ልንጠቀው?”

“ውሃስ ይጠጣሉ?”

“ውሃ ከጠጣሁ ሽንት አለ። ሽንት ካለ ደግሞ ሰው ቀስቅሶ ሽንት ቤት መሰለፍ አለ። እኔ ሰው ማስቸገር አልወድም።”

ሰውን አለማስቸገር መልካም ጠባይ መሆኑን ማንም አይክደውም። ነገር ግን በዚያ ግቢ ስንቱ ጨዋ በየመኪናው ተጣጥፎ፣ ለጨዋነቱ ሲል ጉሮሮውን አድርቆ ተቀምጦ ነበር።

መሬቷ እንደገና ተንቀጠቀጠች። መኪናዋ ወዲያና ወዲህ ስትወዛወዝ እማማ ፉሚኤ የበሩን እጀታ ጭምድድ አድርገው ያዙ። ንዝረቱ ቆሞም እጃቸውን አላነሱም።

“አባባ፣ እግር ታጥፎ፣ ውሃ ሳይጠጣ ሲውልና ሲያድር ደም ባት ውስጥ ይረጋል” አለች ናትሱሆ። “የረጋው ደም ተቆርሶ ሽቅብ ይሄድና ሳንባ ውስጥ ይሰነቀራል። ያን ጊዜ ትንፋሽ ያጥራል። ልብ ቀጥ ሊል ይችላል። እማማን አያሹት ያልኩትም ቁራሹ እንዳይነሳ ብዬ ነው።”

“ዕድሜ ልኬን ተቀምጬ ነው የነዳሁት! መቀመጥ ቢገድል ኖሮ ይሄኔ አፈር ሆኛለሁ።”

“ያኔማ ፍሬን ይረግጣሉ፣ በየፌርማታው እየወረዱ የባልቴቶቹን ዕቃ ያወርዳሉ። ስኳርም አልነበረብዎትም።”

“ስኳር ደግሞ እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው? እሱ የጣፋጭ ነገር ነው፤ ይሄ የሳንባ!”

“ደሙ አንድ ነዋ አባባ! ስኳር የበዛበት ደም ለመርጋት ይቸኩላል። ሰውነትም የረጋውን ለማሟሟት ይሰንፋል። ልብና ደም ሥሩ ስኳሩን ሲሸከሙ ኖረው ደክመዋል፤ ሳንባው መንገድ ሲዘጋባቸው ገፍቶ ለማለፍ አቅም ያጥራቸዋል። ኩላሊት ተነክቶ ከሆነማ ለዚህ የሚሰጠውን ደም ማቅጠኛ መድኃኒት መመጠን ራሱ ጭንቅ ነው። ሐኪሞች ብዙ በሽተኛ ተከታትለው አይተውታል፤ ሳንባቸው ላይ ደም ከረጋባቸው ሰዎች ስኳር ያለባቸው አልጋ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያሉ፣ የሚሞቱትም ከሌላው ይበዛሉ። ሁሉም ይሞታል አላልኩም። ቶሎ የደረሰ ይድናል።”

እማማ ፉሚኤ ዳቦውን ከባላቸው ጭን ላይ አንስተው ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

“ዳቦዬን!” አሉ ሽማግሌው። “ደግሞስ እግሬ መች አመመኝ?”

“ጫማዎን ላውልቀው?”

መሬት ስትነቃነቅ ለመሮጥ እንዲያመች ብለው አባባ ቶኩጂ ጫማቸውን ካጠለቁት ሰንብተዋል። ናትሱሆ ግራውን ቀስ ብላ ስትስበው ከውስጡ ስለታም የጣሪያ ሸክላ ስባሪ ዱብ አለ። ካልሲው ከተረከዙ ጋር በደም ተጣብቋል። አባባ ቶኩጂ እግራቸውን የሌላ ሰው እግር ይመስል ትክ ብለው አዩት።

“ይሄ… አልተሰማኝም።”

“አያመኝም ሲሉ የማላምንዎት ለዚህ ነው። ስኳሩ የእግርዎን ስሜት ወስዶታል። እግርዎ እሪ ቢል ራሱ ለእርስዎ አይሰማም።”

አባባ ቶኩጂ ካልሲውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ልባቸው ግን ገና አልተሸነፈም። “ሐኪሞቹ ጣሪያ የተጫነውን ሰው ያክሙ። እኔ ለሳል ብዬ ወረፋ ልይዝ?”

ይሄኔ እማማ ፉሚኤ ገነፈሉ።

“አንተ ሰውዬ! ሰው ማስቸገር አልወድም ትላለህ አይደል? ዛሬ ብትሄድ የምታስቸግረው ወንበር የሚገፋ አንድ ሰው ነው። ነገ እዚሁ ደርቀህ ብትገኝስ? ከመሪው ሥር የሚጎትትህ ጎረምሳ ሁሉ፣ በፈረሰው መንገድ የሚንገላታው አምቡላንስ፣ አይቶህ የሚባንነው ሕፃን አይቸገርም? እኔስ? እኔ ከሰው አልቆጠርም? ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫህ ሥር እጄን አድርጌ ትንፋሽህን ስጠብቅ የማድረው እኔ፣ አልተቸገርኩም?”

“እጅሽን?” አሉ አባባ ቶኩጂ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። “አንቺ ነሽ? እኔ እኮ ዝንብ መስሎኝ እሽ ስል ነው የማድረው።”

በሩን ከፍተው ሊነሱ ሞከሩ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ ከንፈራቸው ጠቆረ። ናትሱሆ ትከሻቸውን ይዛ እንዳይንቀሳቀሱ አደረገችና ተሽከርካሪ ወንበር እንዲመጣ ጮኸች። በዚህ ጊዜ አልተከራከሩም።

ከተማ ተወስደው ሲመረመሩ ደሙ በእርግጥ ሳንባቸው ውስጥ ተሰንቅሮ ተገኘ፤ ስኳራቸውም ጣሪያ ነክቷል። ተመሳሳይ በሽታ ይዞት የገባው የአልጋ ጎረቤታቸው ድኖ ሲወጣ እሳቸው አልጋቸው ላይ ቀሩ። “እሱ ሸክሙ አንድ ነበር፣ የእርስዎ ሁለት ነው” አላቸው ሐኪሙ። “መኪናው ውስጥ ሰንብቼ ቢሆንስ?” ብለው ሲጠይቁት፣ “ዛሬ ይህን አይጠይቁኝም ነበር” አላቸው። በዚያ ቀን ሊጠይቋቸው መጥተው የነበሩት እማማ ፉሚኤ ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሱትም።

አባባ ቶኩጂ ድነው ሲመለሱ ግቢው ተለውጦ ጠበቃቸው። በእማማ ፉሚኤ ጭቅጭቅ የአዳራሹ አንድ ጥግ ለአንኮራፊዎች ተለይቷል። ሁሉም አንኮራፊ ስለሆነ የሚያፍር የለም። ሽንት ቤቱ መብራት ስለገባለት በጨለማ ላለመሄድ ይጠሙ የነበሩት ሴቶችም ውሃ መጠጣት ጀምረዋል። አዲስ ሰው ሲመጣ ስኳር እንዳለበትና መድኃኒቱ በእጁ እንዳለ አስቀድሞ ይጠየቃል። ያበጠ እግር የሚያሽም የለም፤ ወደ ድንኳኑ ይሄዳል።

ጠዋት ጠዋት እማማ ፉሚኤ የባላቸውን ጫማ ገልብጠው ያራግፋሉ፤ ውስጡንም በጣታቸው ይዳብሳሉ። ምንም አያገኙም፤ ግን ደግመው ያራግፋሉ። ከዚያ አባባ ቶኩጂ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ሐኪሙ በፈቀደላቸው ልክ እያዘገሙ በመኪኖቹ መካከል ይዞራሉ። በየመስኮቱ ኳ ኳ ያደርጋሉ።

“ወራጅ አለ?”

ሰው እየሳቀ ይወርዳል፤ ውሃ ይጠጣል፤ ግቢውን ይዞራል። አንድ ቀን ግን የመንደሩ ዳቦ ጋጋሪ ወንድም መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አደረገና፣ “አባባ፣ እዚህ ወራጅ የለም” አለ።

“እንግዲያው የሚቀጥለው ፌርማታ ሆስፒታል ነው” አሉት አባባ ቶኩጂ። “እኔ አይቼዋለሁ። ሾርባው ጨው የለውም።”

በሩ ተከፈተ።