ያለ ድምፅ ማጉያ የተነበበ የአቶ ባርናባስ ጎሹ ዜና ሕይወት

«ጮክ ብላችሁ ጸልዩ፤ ሰማይ ሩቅ ነው» ይሉን ነበር አባታችን አቶ ጎሹ። ማለዳ ከቡናው መካከል ቆመው ሲጸልዩ ድምፃቸው መኪና መንገዱ ድረስ ይሰማ ነበር። እኔ ግን የታላቅ ወንድሜን የአቶ ባርናባስ ጎሹን ዜና ሕይወት ዛሬ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነባለሁ። ከኋላ ያላችሁ ወገኖች ቀረብ በሉ። ምክንያቱን እየሰማችሁ ትደርሱበታላችሁ።

አቶ ባርናባስ ከአባታቸው ከአቶ ጎሹና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋአለም በ1962 ዓ.ም. ከወናጎ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ተወለዱ። ወናጎ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ የአባታችን ጤና በመታወኩ ትምህርታቸውን አቋርጠው፣ ባንኮ ጎቲቲ በሚባል ቀበሌ በቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተቀጥረው እየሠሩ እኛን ታናናሾቻቸውን አሳደጉ። ኋላም እግዚአብሔር ረድቷቸው ዲላ ላይ ወፍጮ ቤት ከፈቱ። በሞተር ጩኸት መሃል ሲነጋገሩ ስለኖሩ ድምፃቸው ከፍ ያለ፣ ሳቃቸው ከሩቅ የሚታወቅ፣ በጸሎት ቤትም ማይክ የማያስፈልጋቸው ሰው ነበሩ።

ከወይዘሮ እታገኝ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው ወንድ ልጃቸውን እስክንድርንና ሴት ልጃቸውን ብሌንን ወለዱ። ይኖሩ የነበረው ከወፍጮው ጀርባ ነው። ብሌን በሕፃንነቷ ሞተሩ ሲነሣ ጆሮዋን ይዛ እየጮኸች አልጋ ሥር ትገባለች፤ አባቷ ስሟን ሲጠሩ ግን ዞር አትልም። አንዱ «ደንቆሮ ናት» ሲል ሌላው «ደንቆሮ ብትሆን ወፍጮውን በምን ሰማችው? ይሄ መንፈስ ነው እንጂ» አለ። ወንድሜ ሁለተኛውን አመኑ። ከፍቅር የተነሣ፣ አባታችን እንዳስተማሩትም፣ ልጃቸውን ጸሎት ቤት ወስደው ድምፅ ማጉያው አጠገብ አስቀምጠው እየጮኹ ጸለዩላት። እርሷ በጮኸች ቁጥር መንፈሱ ሊለቅ ነው ብለው ድምፃቸውን ይጨምሩ ነበር። እንዲህ እየተባለ ዓመታት ሄዱ፤ ልጅቷም አባቷ ከበር ሲገቡ የምትሸሽ ሆነች።

በኋላ ነዋል የምትባል፣ በዩኒቨርሲቲው ስለ ሕፃናት እድገት የምታስተምር ሴት እህል ልታስፈጭ መጥታ ብሌንን አየች። ጆሮዋ እንዲመረመር አደረገች፤ ምንም አልተገኘበትም። ነገሩ ኦቲዝም መሆኑም በሐኪም ታወቀ። ነዋልም ወንድሜን ቁጭ አድርጋ «ጋሽ ባርናባስ፣ የእኛ አእምሮ ከልጅነታችን ጀምሮ የሚያስፈልገንን ድምፅ መርጦ ሌላውን ዝቅ ማድረግ ይለምዳል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የብሌን ግን ወፍጮውንም፣ ዝናቡንም፣ የባጃጁን ጥሩምባም፣ የእርስዎንም ድምፅ እኩል ነው የሚያስገባው። ስሟ እዚያ መሃል ይጠፋባታል» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ቤታቸውን ከወፍጮው አራቁ። ጸሎታቸውንም በልባቸው አደረጉ። ስሟን ሲጠሩ ቀረብ ብለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አንዴ ብቻ ጠርተው መጠበቅ ለመዱ። ጠብቀው ጠብቀው አንድ ቀን ዞር ስትልላቸው፣ ያ ሳቃቸው የሚታወቅ ሰው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። «ያኔ ስትጮህ ዝም በሉ እያለችን ነበር እኮ» አሉኝ። ይህን እስኪሞቱ ድረስ ይደጋግሙት ነበር፤ እርሷ ብትቀርባቸውም ያለፉት ዓመታት ከልባቸው አልወጡላቸውም።

ሌላም የሚቆጫቸው ነገር ነበር። እናታችን ያረፉ ጊዜ፣ ዋይታውን አትችልም ተብሎ ብሌን ጎረቤት ቤት ተዘግቶባት ዋለች። ስትመለስ አያቷ የሉም። ሞት መሆኑን ማን ያስረዳት? ለብዙ ጊዜ ብርድ ልብሱን እየገለጠች፣ ጓሮ እንሰቱ ሥር እያየች ፈለገቻቸው። ስለዚህ ወንድሜ በኩላሊት ሕመም አልጋ ሲይዙ አንድ ነገር ብቻ ለመኑን፦ ጥሩምባ እንዳይነፋ፣ ሙሾ እንዳይወርድ፣ ድምፅ ማጉያ እንዳይከፈት፣ ብሌን እርሳቸው ሲቀበሩ ቆማ እንድታይ። እናታችንን እንደፈለገች እርሳቸውንም እንዳትፈልጋቸው።

ይህ በእድሩ ዘንድ ቀላል አልነበረም። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነቡ «ባርኔን የሚያህል ሰው፣ ሰው እንደሌለው ዝም ተብሎ ሊቀበር? ነግ እኔንስ እንዲህ ልታደርጉኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። አልፈርድባቸውም፤ ለወዳጅ ከመጮህ በቀር ሌላ አናውቅም። ዛሬ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። እግዚአብሔር ይስጥልን። የእድሩ ወጣቶችም በጥሩምባው ፈንታ ቤት ለቤት ዞረው መርዶውን አረዱ። ብሌን ይኸው ከእናቷ ጎን ናት። ጆሮዋን አልያዘችም።

አቶ ባርናባስ ባለቤታቸውን ወይዘሮ እታገኝን፣ ልጆቻቸውን እስክንድርንና ብሌንን፣ እኛንም ወንድሞቻቸውንና እህቶቻቸውን ትተው ትናንት ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ቀርቦ የሚሰማው ጌታ፣ በልባቸው የጸለዩትን ሁሉ ቆጥሮላቸው ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ። ለቀረነውም ዝም ብሎ መውደድን ያስተምረን። አሜን።

የመጨረሻው የእኔ ቃል አይደለም። ዛሬ ጠዋት ድንኳኑ በር ላይ አንዲት የማላውቃቸው እናት እጄን ያዙኝ። ያሉኝን እንዳለ ላንብበው፦

«እዚህ ለቅሶ አይጮህም ሲሉ ሰምቼ ከይርጋጨፌ መጣሁ። እንዲህ ያለች ልጅ እኔም አለችኝ፤ ቤት ዘግቼባት ነው የመጣሁት። ነገ ይዣት ልምጣ?»