መያዣው እኔ ጋ ነው

በያጁ ተካልኝ የእንሰት መፋቂያ ማሽን ፈለሰፈ፤ ባለሱቁ ሲራጅ ብረቱን ገዛለት። አብረው ሊሸጡ ቢዋዋሉም «ማሽኑ የእኔ ነው» ተባባሉና ተካልኝ የማሽኑን ስለት ነቅሎ ሄደ፣ ሲራጅም ማሽኑን መጋዘን ውስጥ ቆለፈበት። እኔ ሽማግሌ ሆኜ ገባሁ። እስኪታረቁ ድረስ መያዣ ይሁን ብለው ቁልፉንም ስለቱንም ለእኔ ሰጡኝ። ቢጠፋብኝስ እያልኩ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ፣ ስለቱን አልጋዬ ሥር ሸሸግኩ።

በቀደም ጎረቤት ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሳሳቁ አየኋቸው። እፎይ ብዬ ቁልፉን ከአንገቴ አወለቅኩ።

«ታረቃችሁ አይደል? በሉ ንብረታችሁን ውሰዱልኝ።»

ሲራጅ እጄን ያዘኝ። «ኧረ ጋሼ፣ አንገትዎ ላይ ይመልሱት!»

«እርስዎ ጋ ስለተቀመጠ እኮ ነው የታረቅነው» አለ ተካልኝ። «ከተቀበልንዎት ነገ እንጣላለን።»

ቁልፉን መልሼ አንገቴ ላይ አጠለቅኩ። እነሱ ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ፤ እኔ ስለቱ መኖሩን ለማየት ወደ ቤቴ ሄድኩ።