እንግሊዝኛን በቤታቸው ያነገሡት መምህር

ለቀስተኞች ሆይ፣ ዕድሜ ልኬን አንተ ስላቸው የኖርኩትን ታናሽ ወንድሜን ዛሬ ወጉ ነውና አንቱ ብዬ ታሪካቸውን አነብላችኋለሁ፤ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ የሚመር ነገርም አለበት።

መምህሩ በዚሁ መንደር ከገበሬው አባታችንና ከእናታችን ተወልደው፣ እኔ ፊደል ቆጥሬ ቤት ስቀር እሳቸው ከተማ ተልከው ተማሩ፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪም ሆነው ተመለሱ። አንድ ዓመት የአካባቢያችን ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ፈተና ከሁሉ መጨረሻ በመውጣታቸው፣ በባልደረቦቻቸው ፊት ቆመው ተወረፉ፤ ልጆቹን ያበላሻቸው ቤታቸው የሚያወሩት ቋንቋ ነው ተባለ፤ እሳቸውም አመኑ።

ያን ውርደት ተሸክመው የገቡት ወደ ገዛ ቤታቸው ነው። ከምስኪኗ ባለቤታቸው ሦስት ልጆች አፍርተው ነበርና፣ በቤቱ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቃል እንዳይሰማ አዘዙ፤ በእራት ሰዓት የእናቱ ቋንቋ ከአፉ ያመለጠው ልጅ፣ አባትየው እጃቸውን ወደ በሩ ሲያወናጭፉበት ምግቡን ትቶ ይወጣ ነበር። እንግሊዝኛ የማታውቀው እናትም ማዕዱን አቅርባ ጓዳ ገብታ ትበላለች፤ ከአብራኳ የወጡትን ልጆች በጥቅሻ አሳደገች። ይህ ቤት ነው ወይስ የፈተና አዳራሽ ብዬ ብጮህ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ ተባልኩ። ልጆቹ ገና በልጅነታቸው ሩቅ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬ ሁሉም ጥሩ ሥራ ይዘዋል፣ እሰየው! እናታቸውን ግን በቋንቋዋ እንዴት አደርሽ ማለት አያውቁበትም።

በቅርቡ መምህሩን ስትሮክ መታቸው። ያ ሁሉ የተደከመበት እንግሊዝኛ ሙልጭ ብሎ ጠፍቶ፣ የቀራቸው የእናታችን ቋንቋ ብቻ ሆነ። ከትናንት ወዲያ ልጆቹ መጥተው አልጋውን ሲከቡ፣ ልጆቼ ኑ፣ ብቻዬን አትተዉኝ እያሉ እጃቸውን ዘርግተው አወናጨፉላቸው፤ እነሱ ግን የሚያውቁት ያንን የእራት ሰዓቱን እጅ ነውና፣ እርስ በርስ ተያይተው፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ወጡ። እኔና እናታቸው ተከትለን ወጥተን እንዲመለሱ ልብሳቸውን ብንጎትት፣ ሐዘን የጠናብን መስሏቸው አቅፈውን አለቀሱ። ስንመለስ መምህሩ አልፈው ነበር። 

መምህሩ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ እኔ ግን ገና አልበረደልኝም። ልጆቻቸው ይኸው ከፊቴ ተቀምጠው፣ አባታቸውን የማሞግስ መስሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል። ከመካከላችሁ ከመምህሩ እንግሊዝኛ የተማረ ካለ፣ አንድ ቀን እንኳ ለቁም ነገር ይዋልና፣ እባካችሁ ተነስቶ፣ አባታችሁ ያን ዕለት ኑ ነበር ያሏችሁ ብሎ ይንገርልኝ።